በጠራራ ፀሐይ የተገኘችው አስትሮይድ

ባለፈው ሳምንት ያልነበራችሁ አትጨነቁ፤ ብዙ አላመለጣችሁም። ባለፈው ሳምንት ያደረግኩት ነገር ቢኖር ማልቀስ ነው፤ እሱን ደግሞ በሁለት መስመር እጨርስላችኋለሁ። ስሜ ሶስና በቀለ ነው። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ናሆም የሚባል ሰው እወዳለሁ፤ ከሄደ ሦስት ዓመት ሆነው። የፊታችን እሑድ ደግሞ ለሌላ ሰው ልሰጥ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

የእሑዱ ሰው ደረጄ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ እንዴት በቀለለኝ! ከማጀቴ ከተማ ማሾ በአይሱዙ እየጫነ አዲስ አበባ ያራግፋል። ሲስቅ ጥርሱ ያምራል፤ አባቴን «ጋሼ» ሲለውም ከልቡ ነው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ ተመልሰዋል። ሦስተኛው እሑድ ነው። ሦስተኛ ጊዜ የመጣ ሽማግሌ ባዶ እጁን እንደማይመለስ እኔም እናንተም እናውቃለን።

አባቴ ጠይቆኛል፤ አልጠየቀኝም ብዬ አልዋሽም። «ሶስዬ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። «አንተ ካልክ» አልኩት። የሠላሳ ዓመት ሴት፣ የኒውተንን ሦስት ሕጎች ለስልሳ ተማሪ የማስረዳ ሴት፣ «አንተ ካልክ»! ምን ላድርግ? ሦስት ዓመት የጠበቀ ሰው ይደክመዋል።

ታዲያ ማክሰኞ ዕለት ከክፍል ስወጣ ሁሴንን የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሁሴን የአዲስ አበባ መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ኔትወርክ በጠፋባቸው ወራት የናሆምን ደብዳቤዎች ያመላለሰልኝ እሱ ነው።

«መምህርት፣ አሁን ስልኩም ሠርቷል፣ ቴሌግራሙም ሠርቷል። ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው እስከ ዛሬ በወረቀት የሚጽፈው? ወላሂ ግራ ገባኝ» አለና ፖስታውን ሰጠኝ።

እዚያው ቆሜ ቀደድኩት። እንዲህ ይላል፦

«ይድረስ ለመምህርት ሶስና በቀለ። ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? በጥቅምት 2012 ዓ.ም. አብረን ያገኘናት አስትሮይድ ምሕዋሯ ተረጋግጦ ቋሚ ቁጥር ተሰጥቷታል። ስም የማውጣት መብት የአግኚዎቿ በመሆኑ የሁለታችን ፊርማ ያስፈልጋል። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ አባትዎ ሆቴል እመጣለሁ። ናሆም አስካለ።»

አዎ፣ የአባት ስም በሚጻፍበት ቦታ የእናቱን ስም ነው የሚጽፈው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲያ ነው። በኛ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም፤ ለምን ብሎ የጠየቀውም የለም።

ግን «ለጤናዎ» ሲለኝ አያችሁልኝ? ለኔ! ሦስት ዓመት ሙሉ «ሶስዬ» ሲለኝ የኖረ ሰው፣ ከሄደበት ቀን ጀምሮ አንቱ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ደብዳቤውን አራት ጊዜ አነበብኩት፤ በአራተኛው ላይ የማነበው «ሐሙስ» የሚለውን ብቻ ነበር። ልቤ ደስ አለው። እኔ ደግሞ በገዛ ልቤ ተናደድኩ።

*

ኮከብ የሚፈልግ ሰው ሌሊት ይወጣል። እኛ ግን ያገኘናት በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ፣ በአባቴ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ውስጥ፣ የጣሪያው ማራገቢያ ከላያችን እየተንቋቋ። ሌላ ቦታ ኢንተርኔት አልነበረማ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ባሕር ማዶ ያለ ትልቅ ቴሌስኮፕ ያነሣቸውን የሰማይ ፎቶዎች በየአገሩ ላሉ አስተማሪዎች ለአንድ ወር ይልኩ ነበር። ሥራው ዓይን ብቻ ነው የሚጠይቀው። አንዲት የሰማይ ቁራጭ፣ አራት ፎቶ፣ በየመካከላቸው ጥቂት ደቂቃ። አራቱን እያከታተላችሁ ታገላብጣላችሁ። ከዋክብቱ ንቅንቅ አይሉም። ከመሐላቸው አንዲት ነጥብ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ፣ ፈቀቅ ካለች ግን እሷ ኮከብ አይደለችም፤ በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን ከሚዞሩት ዓለቶች አንዷ ናት። አብዛኞቹ ቀድመው የታወቁ ናቸው። አንዳንዴ ግን ማንም መዝገብ ላይ የሌለች ትገኛለች።

ናሆም ያኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበር። አሥራ ስምንት ቀን ምንም አላገኘንም፤ እሱ በየቀኑ አንድ ሸሚዝ ያጥባል፣ እኔ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ፀጉሬን እሠራለሁ፣ ሁለታችንም ለሳይንስ ነው እንላለን። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ «ቆይ! ቆይ! መልሰው!» ብዬ ክንዱን ያዝኩት። ከታች በስተግራ አንዲት የምትታይ የማትታይ ነጥብ ፈቀቅ አለች። እሱ ለካት፣ መዝገቡን አገላበጠ፣ ደግሞ አገላበጠ። የለችም። ማንም አያውቃትም። ወደኔ ዞሮ ሲያየኝ ዓይኑ ውኃ ሞልቷል። ክንዱን አልለቀቅኩም፤ እሱም ልቀቂኝ አላለኝም።

ሪፖርቱ ላይ ስሜን አስቀደመ። «አንቺ ነሽ ያየሻት» አለኝ።

አባቴ ከግቢ ገብቶ ጫጫታችንን ሰማና፣ «እና ይሄ ድንጋይ ምን ያደርጋል?» አለ።

«ምንም አያደርግም አባባ። ይዞራል።»

«እኔም ከኩሽና ጓዳ፣ ከጓዳ ኩሽና ስዞር ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ማንም ፎቶ አላነሣኝም!»

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሦስት ዓመታት የኔ ሀብት ናቸው፤ ሁሉንም አልነግራችሁም። አንዱን ግን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ይዞ መንገዷን አሳየኝ። ፀሐይን አንዴ ለመዞር አራት ዓመት ከአንድ ወር ይፈጅባታል። መንገዷ ሞለል ያለ ነው፤ አንዴ ትቀርባለች፣ አንዴ ትርቃለች። መሬትና እሷ ፊት ለፊት የሚተያዩት በዓመት ከአራት ወር አንዴ ነው። «ከደብረ ብርሃን ስትመጪ ሚኒባሱ አይሱዙውን ሲቀድመው፣ አይሱዙው ወደ ኋላ የሚሄድ አይመስልሽም? እሷም እንዲያ ናት። መሬት ስትቀድማት ወደ ኋላ የምትሄድ ትመስላለች እንጂ አትሄድም» አለኝ።

«አንዴ ካገኘናት በቃ የኛ ናት አይደል?»

«አይደለችም። አንዴ የታየች አስትሮይድ ተገኘች አይባልም። ተመልሳ መታየት አለባት። ካልታየች ትጠፋለች።»

«የት ትሄዳለች?»

«የትም አትሄድም። እዚያው እየዞረች ነው። የት እንዳለች የሚያውቅ ሰው ብቻ ይጠፋል።» ይህን ሲል እጄን ጠበቅ አድርጎ ነበር የያዘው። ያን ቀን ምንም አልፈራሁም።

*

ኅዳር 2015 ላይ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ደምሴ፣ ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር፣ ከሁለት የቀወት ወረዳ ገበሬዎች ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ሽማግሌ ሲመጣ ልጅቷ አትታይም። እናቴ ሥራ ፈትቼ እንዳልንቆራጠጥ ብላ ሽንኩርት አስላጠችኝ። በሩ ሲከፈት ሰማሁ። ጥቂት ቆየ። በሩ ሲዘጋ ሰማሁ። የተባለውን ግን አልሰማሁም።

በመጀመሪያው ቀን እንደማይሰጥ የታወቀ ነው። ወግ ነው። «ልጄ ገና ናት» ይባላል፤ «ዘመድ እንማከር» ይባላል። ሽማግሌው ያውቃል፣ ልጁ ያውቃል፣ በሩ ላይ የታሰረው ውሻም ያውቃል። ስለዚህ ሁለተኛውን ጊዜ ጠበቅኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። ናሆም ትምህርት ቤት ውስጥ ሲያየኝ መንገድ ይቀይራል፣ ስደውል አያነሣም። በሦስተኛው ሳምንት ሥራውን ለቆ አዲስ አበባ ገባ፤ ከጠፈር ምርምር ጋር የተያያዘ ሥራ አግኝቷል አሉኝ።

አባቴን፣ «ምን አልካቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «የሚባለውን ነዋ!» ብሎ ጮኸብኝ፤ የሱም ፊት ተቀያይሮ ነበር። ጋሽ ደምሴን መንገድ ላይ ጠብቄ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን ሰበር አድርገው፣ «የልጁ ምሥጢር ነው ልጄ። ከኔ አፍ አይወጣም» አሉኝ። ታዲያ ምን ልበል? በአንድ እምቢታ የሚሰለች ሰው ነው የወደድኩት አልኩ። በመጀመሪያው በር ተመለሰ አልኩ። ትራሴን ስንት ቀን እንዳራስኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከዚያ ደብዳቤዎቹ መጡ። ስለ አስትሮይዷ ብቻ ነው የሚጽፈው፤ የት እንደታየች፣ ማን እንዳያት፣ ምሕዋሯ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ። ሁሉም «እርስዎ» እያለ። ኅዳር 2016 ላይ የጻፈው ግን ልዩ ነበር። «ከተገኘችበት ዕለት ጀምሮ ፀሐይን አንድ ሙሉ ዙር መጨረሷን ስገልጽልዎ ደስ ይለኛል። እኔ ግን» ይልና፣ ከዚያ በኋላ ያለው መስመር በሙሉ ተሰርዟል። እንዲሁ ሰረዝ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ ተፍቋል። መስኮቱ ላይ ለጥፌ አየሁት፣ ገልብጬ አየሁት፣ አምፖል ላይ ይዤ አየሁት። አንድ ፊደል እንኳ አላወጣሁም።

እኔም መለስኩለት። «ስለ ዙሩ አመሰግናለሁ። የእንግዳ መቀበያው ማራገቢያ ተበላሽቷል» አልኩት። ከዚህ በላይ እንዴት አድርጌ ናፍቀኸኛል ልበለው?

*

ሐሙስ ስድስት ሰዓት። የሸዋ ሮቢትን ስድስት ሰዓት ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው፤ ዶሮ እንኳ አፏን ከፍታ ጥላ ሥር ትተኛለች። ሦስት ጊዜ ልብስ ቀየርኩና መጨረሻ ላይ የመጀመሪያውን ለበስኩ። እንግዳ መቀበያው ውስጥ ሁለት ሹፌሮች አምቦ ውኃ ይጠጣሉ። በሩ ተከፈተ።

ከስቷል። ጢም አውጥቷል። ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፤ በእጁ አንድ ክላሰር ይዟል። እኔን ሲያይ አንድ እርምጃ ገብቶ ቆመ። ያቺን አንድ እርምጃ መቼም አልረሳትም።

«ጤና ይስጥልኝ፣ መምህርት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይቀመጡ» አልኩት። እኔስ ከማን አንሼ!

ተቀመጠ። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቸው። «ከኛ በፊትም ፎቶ ተነሥታ ነበር። ማንም ሳያውቃት፣ በድሮ ፎቶዎች ጥግ ላይ። ቦታዋን እየቀመርኩ ዓመት በዓመት ወደ ኋላ ሄድኩ። ከፊትም ከኋላም ሰባት ጊዜ ታይታለች። በዚህ ነው ቋሚ ቁጥር የተሰጣት» አለ። «ሰባት» ሲል ድምፁ ተሰበረ። ያኔ አልገባኝም።

«ስሟስ?»

«‹ይፋት› ብያታለሁ፤ እርስዎ ካልተቃወሙ። ከዚህ ከተገኘች በአገሩ ስም ትጠራ ብዬ ነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

ወረቀቱን አየሁት። እሱን አየሁት። «ይሄንን ለማስፈረም ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ሜትር መጣህ? በኢሜይል መላክ አቅቶህ ነው?»

«ዋናው ፊርማ ቢሆን ይሻላል ብዬ… እርስዎም ካልተቸገሩ…»

«ኧረ ተው! ኧረ በእመብርሃን ተው! አንቱታህን ወደዚያ ውሰድልኝ!» ብድግ አልኩ። ሹፌሮቹ ዞሩ፤ ይዙሩ። «አልፈርምም! ስፈርም ወረቀትህን ሰብስበህ ትሄዳለህ። እሑድ ለሰው ልሰጥ ነው፣ ታውቃለህ? ሦስተኛ ጊዜ ነው የሚመጡት። የሌላ ሰው ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፣ ያንተ ለምን ቀሩ? እኔ ጓዳ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩህ ለምን ቀሩ?»

«እሑድ?» አለ። ፊቱ ነጣ።

«መልስልኝ!»

«አባትሽ ያሉትን አልሰማሽም?» አለኝ፤ «አባትሽ» አለኝ፤ ሦስት ዓመት የጠበቅኳት «አንቺ» በዚህ መጣች።

«‹ገና ናት› ነዋ! ሁሉም የሚለውን!»

«አላሉም። ‹የልጁን ሰባት ቤት ቁጠሩልኝና ኑ› ነው ያሉት።» ጣቱን ወረቀቱ ላይ፣ ከስሙ ሥር አደረገ። «አንብቢው ሶስና። ከናሆም ቀጥሎ ያለውን አንብቢው። እኔ በአባቴ ወገን አንድ እንኳ መቁጠር አልችልም። አባትሽ ደግሞ ይህን ያውቃሉ። እዚህ ግቢ ውስጥ መኪና ሳጥብ ጀምሮ ያውቁኛል። አልሰጥም ማለት ደብሯቸው የማልችለውን ጠየቁኝ። በሩን በጨዋ አፍ ዘጉብኝ። ጋሽ ደምሴ ‹እናትህን ጠይቃት› አሉኝ፤ እንዴት ብዬ? በዚህ ስም የኖረችበትን ነገር ለኔ ሠርግ ብዬ ልቀስቅስባት? ተሸክሜው ሄድኩ። ላንቺ እንኳ መንገር አፈርኩ።»

ቁጭ አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰነፍ ያልኩት ሰው፣ ለካ የእናቱን ገመና ነበር የሸፈነው።

«ያን ጊዜ ምን ነበር የሰረዝከው?» አልኩት ቀስ ብዬ። «‹እኔ ግን› ብለህ።»

«‹እኔ ግን መመለሻው ጠፍቶኛል›» አለ፤ አላየኝም።

«ምንድን ነው ጩኸቱ?» አባቴ ነው። በነጠላ ጫማው ከግቢ ገባ፤ ናሆምን ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ናሆምም ተነሣ።

«አንተ ልጅ! ንቀኸኝ የቀረኸው!»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ እርስዎን ልንቅ?»

«ታዲያ ሽማግሌ ልከህ የምትቀረው ምን ሆነህ ነው? ‹ቁጠሩና ኑ› ብዬ በግ አሳስሬ እኮ ነው የጠበቅኩህ! ስትቀር ለገና በላነው። ሥጋው ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ!»

«የማልችለውን ቁጥር ጠየቁኝ እንጂ ጋሼ…»

«ለማልሰጠው ሰው ሰባት ቤት የማስቆጥርበት ምን ጊዜ አለኝ?» አባቴ ጠረጴዛውን መታው፤ ወረቀቶቹ ዘለሉ። «የማልሰጠውንማ ‹ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ የለኝም› ብዬ እሸኛለሁ! ቁጠር ያልኩህ ልሰጥህ አስቤ ነው። ደም እንዳይገናኝ ነው፤ ሌላ ምን አለው? አንተን መኪና ስታጥብ አይቼህ አይደል እንዴ የወደድኩህ? ጎማውን ከውስጥ በኩል የሚያጥብ ካንተ በቀር ማን ነበር?»

የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። እናንተስ ብትሆኑ? አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ግድግዳ ተጋርተን፣ ሦስት ዓመት ሙሉ አባቴ እዚያ ተናቅሁ ብሎ፣ እኔ እዚህ ተተውኩ ብዬ።

«አባቴን አላውቀውም» አለ ናሆም። ጮክ ብሎ ነው ያለው፤ ሹፌሮቹ እየሰሙ። «ስሙንም አላውቅም፣ ጋሼ።»

አባቴ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እናትህስ አታውቅም?»

«ጠይቄያት አላውቅም።»

«ለምን?»

«እንዳይከፋት።»

አባቴ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል ነው የምነግራችሁ፦ «እሑድ የሰው ሽማግሌ ደጄ ላይ ይቆማል። ቃል አልሰጠሁም፤ ኑ ግን ብያለሁ። ያንተ ቅዳሜ ይምጡ። ቆጥረው ይምጡ። ካልቆጠሩ አይምጡ። ዘሩን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም፤ ይሄ ንቀት አይደለም፣ ሥርዓት ነው።» ወደኔ ዞረ። «አንቺስ? ‹አንተ ካልክ› እንዳትዪኝ!»

«እሱን ነው አባባ። ከመጀመሪያውም እሱን ነው» አልኩ። ሰው ፊት እንዲህ ያለ ነገር ተናግሬ አላውቅም። አላፈርኩም። ደረቴ ውስጥ ለሦስት ዓመት የተቀመጠው ድንጋይ ተነሣልኝ።

*

«እናቴ ጋ ብቻዬን እሄዳለሁ» አለኝ በሩ ላይ።

«ሦስት ዓመት ብቻህን ሄደህ ያመጣኸውን አይተናል። ግባ!» ባጃጅ ውስጥ ገፍቼ አስገባሁት። ለድንጋይ ሰባት የቆጠረ ሰው እናቱን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ፈርቷል። ወረቀቱን ተቀብዬ ጉልበቴ ላይ አድርጌ ፈረምኩለት፤ ፊርማዬ የመንገዱን ጉድጓድ ሁሉ ይዞ ወጣ። አየውና ሳቀ። ያ ሳቅ! ስንት ቀን በሕልሜ ሰምቼዋለሁ።

እናቱ እትዬ አስካለ ሽንኩርት ተራ ላይ፣ ከላስቲክ ዳስ ሥር፣ የበሰበሰውን ከደህናው እየለዩ ነበር። ልጃቸውን ሲያዩ ብድግ አሉ። አቅፈው ሲስሙት እኔን ከኋላው አዩኝ።

«ምንድን ነው? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም እማ።»

«ታዲያ በሥራ ቀን ምን አመጣህ? የጋሽ በቀለ ልጅስ ምን ሆና ነው በዚህ ፀሐይ?»

ናሆም ሽንኩርት አነሣ። አስቀመጠ። ከጀርባው ሸሚዙን ያዝ አደረግኩት፤ እንዳይሄድ ይሁን እንዳይወድቅ እኔም አላውቅ።

«እማ፣ የአባቴ ስም ማን ነው?»

የእትዬ አስካለ እጅ ባለበት ቀረ። ገበያው ይጮኻል፣ ባጃጅ ጥሩንባ ይነፋል። አለቅን ብዬ ነበር።

«ሠላሳ ሁለት ዓመት» አሉ መጨረሻ ላይ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ጠበቅኩህ። ትምህርት ቤት ሳስገባህ ጠበቅኩ። ስትመረቅ ጠበቅኩ። አንተ ዝም ስትል አፍሮብኝ ነው አልኩ።»

«እኔ? ባንቺ? እማ፣ እኔ እንዳይከፋሽ ብዬ…»

«ዝምታህ ነው የከፋኝ።» በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ጌታነህ ይባላል። የማጀቴ ልጅ ነው፤ ሰፊ እርሻ ላይ ትራክተር ይነዳ ነበር። አልከዳኝም። ልንጋባ ሁለት ወር ሲቀረን ወባ ወሰደው፤ አንተ ሆዴ ውስጥ ነበርክ። ዘመዶቹ ‹የኛ አይደለም› አሉኝ። እኔም ስማችሁ ይቅርብኝ ብዬ በራሴ ስም አስጠራሁህ። ተቆጥቼ ነው እንጂ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ጌታነህ የሚልከው ሽማግሌ አልነበረውም፤ ዘመዶቹ እኔን አልወደዱም። ስለዚህ ራሱ መጥቶ፣ የአባቴ በር ላይ ቆሞ፣ ሰባት ቤቱን በገዛ አፉ ቆጠረልኝ። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አላውቅም። እንዴት እረሳዋለሁ?»

ቀና አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፤ «ጌታነህ፣ ይርዳው፣ ወልደ ጻድቅ፣ አጎናፍር፣ ክንፉ፣ ንጉሤ፣ ሀብተ ሥላሴ።» አንድም ቦታ አልተደናቀፉም። በየቀኑ የሚሉት ይመስላል፤ ምናልባትም በየቀኑ ይሉት ነበር።

ናሆም ሽንኩርቱ መሐል ተንበርክኮ ግንባሩን ጉልበታቸው ላይ አደረገ። «ጌታነህ» ይላል ደጋግሞ፣ «ጌታነህ» ይላል፤ እንደ ሕፃን። እኔ ቆሜ አለቅሳለሁ። አጠገባችን ቲማቲም የሚሸጡት ሴትዮ ነገሩ ሳይገባቸው አብረውን ያለቅሳሉ።

ቅዳሜ ሽማግሌ እንደሚጠበቅ ስነግራቸው፣ እትዬ አስካለ የልጃቸውን ፀጉር እየዳበሱ፣ «ተነሥና ደምሴን ጥራው፤ ቅዳሜ ሳይሆን ነገ ይሂድ ብትለውም ይሄዳል» አሉ። ከዚያ ወደኔ ቀና አሉ። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራሴ አዩኝ። የሆቴል ባለቤት ልጅ መሆኔን፣ ጫማዬን፣ የተሠራውን ፀጉሬን፣ ሁሉንም አዩ።

«በይ፣ አንቺም ቁጠሪ» አሉኝ።

«እማ!» አለ ናሆም ደንግጦ።

«ዝም በል። እኔም የምሰጠው ልጅ ነው።»

እንደ ተማሪ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እጆቼን ወደ ኋላ አደረግኩ። «በቀለ» አልኩ። «ማሞ» አልኩ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ እንባዬ ቀደመኝ፤ እትዬ አስካለ ግን አልራሩልኝም።

«ቀጥዪ» አሉኝ።